ጥቆማ፦ በ2500 ብር ለአኳሪየም ተክል የሚሆን መብራት ከየት ልግዛ?

የሰሚቷ፦
ጤና ይስጥልኝ። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም፣ ቤት ሲለቅ ዕቃውን ከሸጠ ጎረቤቴ በርካሽ ገዝቻለሁ። ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ 55 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ክዳኑ ላይ ያለው መብራት 6 ዋት የተጻፈበት ቀጭን ነጭ ኤልኢዲ ሲሆን፣ ዓሣዎቹን ለማየት ካልሆነ በቀር ለተክሎቹ የፈየደው ነገር ያለ አይመስለኝም። ቫሊስኔሪያው ከተተከለ አምስት ሳምንት ሆኖታል፤ ቅጠሉ እየሳሳ ሄዶ ጫፉ እንደ ላስቲክ ብርሃን እያሳለፈ ይሟሟል። ጃቫ ፈርኑ ባያድግም አልሞተም። ለመብራት የያዝኩት 2500 ብር ብቻ ነው። ለአኳሪየም ተብሎ የተሠራውን ከዓሣ ሱቅ ብገዛ ይሻላል ወይስ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ተራ አምፖል ገዝቶ ማሠራት ይቻላል? የሞከራችሁ ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

የፒያሳ ልጅ፦
እህቴ፣ ብዙ አትድከሚ። ቀድሞ ፒያሳ የነበሩትን፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቃቸውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛወሩትን ሽማግሌ ፈልጊ። እኔ ከ15 ዓመት በላይ ዓሣም ምግብም የገዛሁት ከእርሳቸው ነው፤ አንድም ቀን አላሳዘኑኝም። የትኛው መብራት እንደሚሻል እርሳቸው ይነግሩሻል።

አንጋፋ አርቢ፦
ጥያቄው ከነልኩ ስለቀረበ እኔም በቁጥር ልመልስ። አምፖል ስንገዛ ዋት መጠየቅን የለመድነው ከባለ ሽቦው አምፖል ዘመን ነው፤ ዋት ግን የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይናገርም። ብርሃኑን የሚናገረው በካርቶኑ ጎን በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው ሉመን ነው። እንደ ጃቫ ፈርንና አኑቢያስ ላሉት ጥላ የለመዱ ተክሎች በሊትር ከ10 እስከ 20 ሉመን፣ መካከለኛ ብርሃን ለሚሹት ደግሞ ከ20 እስከ 40 ሉመን ይበቃል የሚል ግምት አርቢዎች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ግምቱ ከቤተ ሙከራ የወጣ ሳይሆን የእጅ ስፍር ነው፤ ነገር ግን ከጭፍን ግዢ ያድናል።

የእርስዎ 6 ዋት መብራት 500 ሉመን ቢሰጥ እንኳ ለ55 ሊትር ሲካፈል 9 ገደማ ነው፤ ጃቫ ፈርኑ ባለበት የቆመው፣ ቫሊስኔሪያው የሳሳው በዚህ ሊሆን ይችላል። ባለ 9 ዋት የቤት ኤልኢዲ አምፖል አብዛኛውን ጊዜ 800 ሉመን አካባቢ ይሰጣል። ሁለት ቢሰቅሉ 1600 ይሆናል፤ አምፖል ብርሃኑን ወደ ጎንና ወደ ላይም ስለሚበትን ግማሹ ቢባክን እንኳ አሁን ካለዎት በእጅጉ ይበልጣል። የብርሃኑን ቀለም ደግሞ ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚለውን ነጩን ይምረጡ፤ ቢጫውን 3000 ተክሉ ባይጠላውም ውሃውን ሻይ ያስመስለዋል።

ጀሞ ሁለት፦
ከዓሣ ሱቅ መግዛት ከተነሣ የእኔን ሳይሰሙ አይሂዱ። የሱቁን ስም አልጠራም። ባለፈው ዓመት ካርቶኑ ላይ «50 ዋት፣ ተክል አሳዳጊ» የሚል ሐምራዊ መብራት፣ ለሦስት ወር ባጠራቀምኩት ገንዘብ ገዛሁ። ማታ ሳበራው ሳሎኔ መሸታ ቤት መሰለ፤ ቀዩ ዓሣ ጠቆረ፣ አረንጓዴው ተክል ደግሞ የተቃጠለ መሰለ። ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጓደኛዬ ሶኬት ላይ የሚሰካ መለኪያ አምጥቶ ሲለካው 8 ዋት ብቻ ይስባል። በማግስቱ ይዤው ስመለስ ሻጩ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ወደሚለው ወረቀት በእስክሪብቶው ብቻ ጠቆመኝ።

ሳሪስ አቦ፦
እኔንም እዚያው ሳይሆን አይቀርም ያቃጠሉኝ። ወረቀቱ በላስቲክ የተሸፈነ ነበር?

ጀሞ ሁለት፦
በላስቲክ የተሸፈነ ነበር።

ዝምታ ወርቅ ነው፦
ምርመራው በጥሩ ሁኔታ እየተካሄደ ነው። ጠያቂዋ መብራት ፈልገው መጡ፤ እኛ ወረቀቱ ላስቲክ ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለውን እያጣራን ነው።

የሕግ ነገር፦
ሆኖም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሸማች ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም። ደረሰኝ ይዘው ነበር?

ጀሞ ሁለት፦
ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ ብሎኝ ነበር።

የፒያሳ ልጅ፦
ሽማግሌው ዘንድ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

አንጋፋ አርቢ፦
ሽማግሌው የሚሸጡት መብራት ስንት ሉመን እንደሚሰጥ ቢነግሩን ለጠያቂዋ ይጠቅማል።

የፒያሳ ልጅ፦
ሉመን አልጠየቅኳቸውም። እርሳቸው ሰው ናቸው፤ ሰው ደግሞ በሉመን አይለካም።

ሳሪስ አቦ፦
ወደ ጥያቄው ልመለስ። እኔ 50 ዋት ፓውዛ ከመርካቶ ገዝቼ አኳሪየሙ ላይ ሰቅያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ መብራት አላማረኝም። ጠጠሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በ12ኛው ቀን ውሃው የጎመን ቅቅል መስሎ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የዓሣ ምግቡ እንጂ የፓውዛው አይደለም።

ዝምታ ወርቅ ነው፦
ጠያቂዋ 55 ሊትር ውሃ አሉ እንጂ ስታዲየም አላሉም።

አያት ዞን፦
ከመብራቱ በፊት ጥሩ ማጣሪያ ይግዙ። እኔ ስፖንጁን በየሁለት ሳምንቱ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ አጥባለሁ፤ በቧንቧ ውሃ አላጥበውም፤ ክሎሪኑ ጠቃሚ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። ማጣሪያ ከፈለጉ የምገዛበትን ልጠቁምዎ እችላለሁ።

የሰሚቷ፦
ማጣሪያው ደህና ነው፤ አመሰግናለሁ። የቸገረኝ መብራቱ ነው።

ከሜሪላንድ፦
እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። እዚህ ኒክሪው የሚባለው ርካሽ የአኳሪየም መብራት ስም ነው፤ ለ60 ሴንቲ ሜትር አኳሪየም የሚሆነው በሻንጣ ጥግ ይገባል። ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ካለዎት ያስልኩት። የመብራቱ የኤሌክትሪክ መቀየሪያ (አዳፕተር) ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት መጻፉን ያረጋግጡ፤ 110 ብቻ የሚል ከሆነ ሶኬት ላይ በሰኩት ቅጽበት ይሰናበትዎታል። የመሰኪያው እግር ጠፍጣፋ ስለሆነም አስማሚ ያስፈልገዋል።

ዝምታ ወርቅ ነው፦
የሰው ሻንጣ ኪሎው ስንት እንደሚባል የሚያውቅ ሰው 2500 ብር ይዞ ይህን አይሞክርም።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦
በተራ አምፖል መሥራት ይቻላል፤ እኔ ለወንድሜ የሠራሁለትን ልንገርዎ። የዝናብ ውሃ የሚወርድበትን የፕላስቲክ አሸንዳ 60 ሴንቲ ሜትር ቆርጬ፣ ውስጡን ነጭ ቀለም ቀብቼ ደፋሁት። ፎይል የሚለጥፉ አሉ፤ የተጨማደደ ፎይል ከነጭ ቀለም አይበልጥም፣ ርጥበት ሲያገኘውም ይላቀቃል። በሁለቱ ጫፎች አንዳንድ ፖርታላምፓ ፊት ለፊት አስሬ፣ ባለ 9 ዋት አምፖሎቹን አጋደምኳቸው። ከላይ በኩል ስድስት ቀዳዳ በስቻለሁ፤ ኤልኢዲን የሚገድለው የራሱ ሙቀት ስለሆነ አፍኖ መዝጋት አይገባም። በአምፖሎቹና በውሃው መካከል መስታወት ተኝቷል፤ በየሳምንቱ ካልተወለወለ ነጭ የውሃ ድርቀት ይይዝና ብርሃኑን ይበላዋል።

ይህ ከከበደዎት ደግሞ የሳሪሱ ወንድማችን በሐሳቡ ሳይሆን በመጠኑ ነው የተሳሳቱት። ባለ 10 ዋት ትንሽ ፓውዛ አለ። ፓውዛ ብርሃኑን ወደ አንድ ወገን ስለሚጥል ብክነቱ ያነሰ ነው፤ አይፒ 65 የሚል ከሆነ ደግሞ አቧራና የውሃ ፍንጣቂ አያስገባም። ሁለቱን ጎን ለጎን መስቀል ከአሸንዳው ሥራ ይቀላል። የመረጡት የትኛውም ቢሆን ገመዱ ሶኬት ጋ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ ይውጣ፤ ውሃ በገመዱ ላይ ቢወርድ ከእጥፋቱ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ዲቫይደሩን ከአኳሪየሙ ሥር መሬት ላይ አያስቀምጡ። እጅዎን ውሃ ውስጥ ከመክተትዎ በፊትም ይንቀሉ፤ 220 ቮልት ነው።

የሰሚቷ፦
ይህ በጣም ጠቀመኝ። ፓውዛውን በቀን ስንት ሰዓት ላብራ? ደግሞ ሰፈራችን መብራት ይጠፋል፤ ታይመር ያስፈልገኛል?

አንጋፋ አርቢ፦
ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይበቃል። ሥራ የሚውል ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት አብርቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቢያጠፋ ዓሣዎቹንም ቤት ገብቶ ያያቸዋል። ብርሃን ሲጨመር ተክሉ ምግብም ስለሚሻ፣ ምግብ ሳይኖር ሰዓት ማብዛት አልጌን መጋበዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በስድስት ሰዓት ይጀምሩ። ታይመርን በተመለከተ፣ ዙሪያውን ጥርስ ያለው የሚሽከረከረው ዓይነት መብራት ሲጠፋ አብሮ ስለሚቆም፣ ሁለት ሰዓት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ በሳምንቱ መጨረሻ አኳሪየሙ እኩለ ሌሊት ላይ ሲበራ ያገኙታል። ውስጡ ባትሪ ያለው ዲጂታል ሰዓቱን ይይዛል። አንድ ነገር ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ ዓሣዎቹ ምን ዓይነት ናቸው?

የሰሚቷ፦
አምስት ጉፒና ሁለት ወርቃማ ዓሣ።

አንጋፋ አርቢ፦
ይህን ቀድመው ቢነግሩን ኖሮ! ወርቃማ ዓሣ ለስላሳ ቅጠል ይበላል፣ ሥርም ይነቅላል። የቅጠሉን ጫፍ በቅርብ ይዩት፤ የተቆረጠ ወይም የተቦጨቀ ከሆነ መብራት ቢቀየርም አይድንም። እንዳሉት ብርሃን እያሳለፈ የሚሟሟ ከሆነ ግን የብርሃን ማነስ ወይም የመተከል ድንጋጤ ነው፤ ቫሊስኔሪያ ቦታ ሲቀየርለት አሮጌ ቅጠሉን ጥሎ ከሥሩ እንደገና የሚያቆጠቁጥበት ጊዜ አለ። ጠጠሩን በጣት ገለጥ አድርገው ነጭ ቡቃያ መኖሩን ያረጋግጡ። ወርቃማዎቹ ካልወጡ አኑቢያስ ያዋጣል፤ ቅጠሉ ጠንካራ ነው። ግንዱን ግን ጠጠር ውስጥ አይቅበሩት፣ ይበሰብሳል፤ ድንጋይ ላይ በክር ይሰሩት። 55 ሊትር ለሁለት ወርቃማ ዓሣ ጠባብ መሆኑን ሳልናገር ማለፍም አልፈልግም።

የሰሚቷ፦
ወርቃማዎቹ የልጄ ናቸው፤ ስም አውጥታላቸዋለች፤ የሚወጣ የለም። ቡቃያውን ማታ አየዋለሁ።

አያት ዞን፦
ወርቃማ ዓሣ ካለ ደግሞ ትልቅ ማጣሪያ ግድ ነው። አሁንም ልጠቁምዎ እችላለሁ።

ከሜሪላንድ፦
ሦስት ሳምንት አለፈ። የሰሚቷ እህታችን፣ ቡቃያ ተገኘ? የገዙትስ አሸንዳውን ነው ፓውዛውን?

የፒያሳ ልጅ፦
ሽማግሌው ጋ ሳትሄድ አትቀርም።

ጀሞ ሁለት፦
ሐምራዊውን መብራት የሚፈልግ ካለ በግማሽ ዋጋ እሰጣለሁ። 8 ዋት መሆኑን በግልጽ ተናግሬያለሁ፤ ስለዚህ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።