ዘይቱኔ ከላይ ደህና ነው፣ ከውስጥ ግን ትል ሞልቶበታል፤ በክረምቱ ምን ላድርግ?

የሳቢያኗ (ሐምሌ 14)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሲሆን በግቢዬ ውስጥ አባቴ የተከሉት አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ፣ ሁለት የዘይቱን ዛፎችና በአጥሩ ጥግ አንድ መደብ ቲማቲም አሉኝ። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ዘይቱኑ ፍሬው በዝቶ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ድረስ ይዟል፤ ሆኖም ከአሥሩ አንዱን እንኳ ሳንሳቀቅ መብላት አልቻልንም። ትናንት ቢጫ ሆኖ ሽታው ግቢውን የሞላ አንድ ፍሬ ለልጄ በቢላዋ ስከፍልለት ውስጡ በነጫጭ ትሎች ተሞልቶ አገኘሁት፤ አንደኛው ትል ጠረጴዛው ላይ ከወደቀ በኋላ ጎብጦ ጭራውን ከአፉ ካገጣጠመ በኋላ እንደ ፌንጣ ተፈናጥሮ ወለል ላይ አረፈ። ልጄ ከዚያ ወዲህ ዘይቱን አሳዩኝ አላለም። ማንጎውም በሰኔ ወር ሲለቀም ከግማሽ በላዩ እንዲሁ ነበር።

ከገበያ አንድ ሻጭ በለስላሳ ጠርሙስ ቀድቶ የሰጠኝን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ረጭቻለሁ፤ ማላታይን ነው ብሎኛል፤ ለውጥ ግን አላየሁም፤ እንዲያውም አሁን ትል የሌለበትን ፍሬ ለልጆቼ መስጠትም ፈራሁ። የቲማቲሙ ቅጠል ደግሞ ውስጡ ተበልቶ እንደ ስስ ወረቀት የነጣ ቦታ ያሳያል። ግቢውን ንጹሕ አድርጌ እይዛለሁ፤ የወደቀውንም ፍሬ በየሳምንቱ ጠርጌ ከዛፉ አጠገብ በቆፈርኩት የኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ እጥላለሁ። ምን ዓይነት መድኃኒት፣ በስንት ቀን ልርጭ?

የዕፅዋት ጥበቃ ጡረተኛ (ሐምሌ 15)

እህቴ፣ ጥያቄዎ ስለ መድኃኒት ነው፤ መልሱ ግን በመጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ በጠቀሱት ጉድጓድ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ያዩት የፍራፍሬ ዝንብ እጭ ነው፤ እንደዚያ መስፈንጠሩም መታወቂያው ነው። ዛሬ ማንጎና ዘይቱን ላይ ከሚያስቸግሩን ዝንቦች ዋነኛው ከእስያ የመጣና በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ የተገኘ፣ ከዚያም በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገራችንን ጨምሮ በብዙ አገሮች የተሰራጨ ነው። እንስቲቱ ሊበስል የተቃረበውን ፍሬ ልጣጭ በመርፌ በመሰለ ጭራዋ ወግታ እንቁላሏን ከልጣጩ በታች ትጥላለች፤ ማንጎ ላይ ወጋ ያደረገችበት ቦታ አንዳንድ ጊዜ የደረቀ ሙጫ ጠብታ ይታይበታል፤ ዘይቱን ላይ ግን ጠቆር ያለች ነጥብ ብቻ ስለምትሆን በቀላሉ አትታይም። እንቁላሉ በአንድ ሁለት ቀን ይፈለፈላል፤ እጩ ሥጋውን እየበላ ከአንድ ሳምንት እስከ 12 ቀን ገደማ ይቆያል፤ ፍሬው ሲወድቅ ወይም ከመውደቁ በፊት እጩ ወጥቶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ይገባና ሙሽሬ (በሽፋኑ ውስጥ ሆኖ ወደ ዝንብ የሚለወጥ) ይሆናል፤ ከ10 እስከ 12 ቀን ያህል ቆይቶም ክንፍ አውጥቶ ይነሣል። በድሬዳዋ ሙቀት ይህ ዑደት በአንድ ወር ገደማ ስለሚጠናቀቅ ከማንጎው የወጣው ትውልድ ዘይቱኑን፣ ከመጀመሪያው ዘይቱን የወጣው ደግሞ የኋለኛውን ይወርሳል።

ከዚህ የሚከተለውን አስተውሉ። እንቁላሉና እጩ በፍሬው ሥጋ ውስጥ፣ ሙሽሬውም በአፈር ውስጥ ስለሆኑ ቅጠል ላይ የተረጨ መድኃኒት አንዳቸውንም አያገኛቸውም፤ የሚያገኘው በዚያች ሰዓት ዛፉ ላይ ያረፈችውን ዝንብ ብቻ ነው፤ የጎረቤት ዝንብ ደግሞ በማግሥቱ ትመጣለች። ጽሑፍ በሌለው ጠርሙስ የተቀዳ መድኃኒት ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ተበጥብጦ እንደሚረጭና ከርጭት በኋላ ስንት ቀን ተቆይቶ እንደሚለቀም ስለማይታወቅ የተረፈውን እንዳይጠቀሙበት፣ ጠርሙሱንም ልጆች ከማይደርሱበት እንዲያርቁት አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ከረጩበት ጊዜ ወዲህ ዛፉ ላይ የቆየውን ፍሬም የዚህ ዓመት ኪሳራ አድርገው ቢተዉት ይሻላል።

ወደ ጉድጓዱ እንመለስ። የወደቀ ፍሬ በሳምንት አንድ ጊዜ ሲጠረግ አብዛኛው እጭ አስቀድሞ ወጥቶ አፈር ገብቷል፤ የቀረው ደግሞ ለስላሳና እርጥብ በሆነው ኮምፖስት ውስጥ ያለ ችግር ሙሽሬ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ዝንቡን ከዛፉ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ እያረቡት ነው። የወደቀውን በየቀኑ፣ ከተቻለም ጠዋትና ማታ ለቅመው በጥቁር ፌስታል ውስጥ አድርገው አፉን ጥብቅ አድርገው አስረው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡት፤ ሌላ ጊዜ የምናማርራት የድሬ ፀሐይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁሉንም ትቀቅላቸዋለች። ደመና በበዛበት ሰሞን ጉድጓድ ይቆፈር ከተባለ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ሆኖ ወዲያው በአፈር ተጠቅጥቆ መዘጋት አለበት። ከዛፉ ጥላ ሥር ያለውን አፈር በዶማ ጫር ጫር ማድረግ ሙሽሬውን ለፀሐይና ለወፍ ያጋልጠዋል። ፈረምሲሳ (ፓርቲኒየም የሚባለው አረም) በቅሎበት ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ይነቀል፤ ከሥሩ የወደቀ ፍሬ አይታይምና። ሲነቅሉ ጓንት ያድርጉ፤ ቆዳ ያሳክካል።

ስለ ቲማቲሙ በአጭሩ፦ የገለጹት ቱታ አብሶሉታ የተባለው ቅጠል ሰርሳሪ ይመስላል፤ ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የነጣውን ቅጠል ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ቢያዩት ትሉን በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ያገኙታል። ተክሉ በጣም ከተጎዳ ነቅለው በዚያው በፌስታሉ ዘዴ ያስወግዱትና አዲስ ችግኝ ሙቀቱ ረገብ ሲል፣ ከመስከረም በኋላ ይትከሉ፤ በዚህ ሙቀት አበባው ስለሚረግፍ ብዙ ፍሬም አይሰጥዎትም። ጉዳቱ ጥቂት ቅጠሎች ላይ ብቻ ከሆነ ግን እነርሱን ይቁረጡ፤ በከተማችን ከየመንገዱ ዳር የማይጠፋውን የኒም ዛፍ ዘርም ይጠቀሙ። 50 ግራም የደረቀ የኒም ዘር አስኳል ተወቅጦ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ካደረ በኋላ ተጣርቶ፣ ትንሽ ሳሙና ተጨምሮበት ይረጫል። ፀሐይ ኃይሉን ስለምታጠፋው የሚረጨው ከምሽቱ በፊት አመሻሽ ላይ ነው።

ከሸዋ በር (ሐምሌ 17)

እኔ የምጽፈው ከሐረር ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ዘይቱናችን ከእናንተ ዘግየት ብሎ ይደርሳል፤ ዝንቡ ግን እኛንም አልማረንም። ጋሼ የጻፉት ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ መልቀም ብቻውን ለእኔ አልበቃኝም፤ ምክንያቱም ግንብ ለግንብ የተያያዘ ሰፈር ውስጥ የጎረቤትዎ ዛፍ ሥር የወደቀው ካልተለቀመ የእርስዎ ድካም ግማሹ ይቀራል።

ስለዚህ ፍሬውን አለብሰዋለሁ። መጀመሪያ ጋዜጣ ሞከርኩ፤ አንድ የሐምሌ ዝናብ አበሰበሰው። አሁን ያረጀ ነጠላ በመዳፍ ስፋት ቆርጬ እንደ ትንሽ ከረጢት እሰፋና ፍሬው የአውራ ጣት ያህል ሲሆን፣ ገና ጠጣር አረንጓዴ ሳለ፣ አገባበትና ፍሬው የተንጠለጠለበት ዘንግ ላይ በክር አስራለሁ። አንድ ነገር በኪሳራ ተምሬያለሁ፦ ጨርቁ ፍሬው ላይ ከተጣበቀ ዝንቧ በጨርቁ ውስጥ አልፋ ትወጋዋለች፤ ስለዚህ ሰፋ ብሎ መንጠልጠል አለበት። ለአንድ ቤተሰብ 40 ወይም 50 ፍሬ ማልበስ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ የቀረውን ለወፍና ለዕድል እተወዋለሁ። ቁመቱ ከጣሪያ ለሚያልፍ የማንጎ ዛፍ ግን ይህ አይሆንም። ማንጎውን ትከሻው ሞልቶ ገና አረንጓዴ ሳለ ለቅሞ ቤት ውስጥ ማብሰል ብዙውን ያድናል፤ ሲለቀም ተጎትቶ ሳይነቀል ጥቂት ዘንግ አስቀርቶ መቁረጥና ሙጫው እንዲፈስ ወደ ታች ደፍቶ ማስቀመጥ ነው፤ አለበለዚያ ሙጫው ልጣጩን ያጠቁረዋል።

ዶሮዎች ካሉዎት ጠዋት ጠዋት ከዛፉ ሥር ይልቀቋቸው።

ገንደ ቆሬ (ሐምሌ 18)

በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾና ሁለት ማንኪያ ስኳር አድርጌ ጥላ ላይ ሰቅዬ በየሳምንቱ ብዙ ዝንብ እይዛለሁ። ይህስ ይረዳት ይሆን?

የዕፅዋት ጥበቃ ጡረተኛ (ሐምሌ 18)

ይረዳል። እንስቲቱ እንቁላሏን ከመጣሏ በፊት ፕሮቲን ስለምትሻ የእርሾው ሽታ ይስባታል። ግን ተራ የቤት ዝንብም ስለሚገባበት የተያዘውን ሁሉ የፍራፍሬ ዝንብ አድርገው አይቁጠሩት፤ የፍራፍሬ ዝንቧ ወገቧ ቀጠን ያለ፣ ጀርባዋ ላይ ቢጫ መስመር ያላት ናት። ጠርሙሱን የምወደው በተለይ ዝንቡ መቼ እንደበዛ ስለሚነግረን ነው፤ ብቻውን ዛፉን አያድነውም።

የሳቢያኗ (መስከረም 11)

ሁላችሁንም እያመሰገንኩ የሆነውን ልንገራችሁ። በነገራችሁኝ ማግሥት ጉድጓዱን በአካፋ ገልብጬ ነበር፤ አንድ መዳፍ አፈር በወንፊት ሳበጥር መጠናቸው የሩዝ ፍሬ የማያክል፣ ቡናማ፣ በርሜል የመሰሉ 23 ሙሽሬዎች ቆጠርኩ። እስከዚያች ቀን ድረስ የዘር ፍሬ እየመሰሉኝ ነበር። ጉድጓዱን ባዶ አድርጌ ይዘቱን ሁሉ በሁለት ጥቁር ፌስታሎች ጣሪያው ላይ አወጣሁት፤ ልጄም በአንድ ሳንቲም ሒሳብ ፍሬ ለቃሚ ሆኖ ተቀጠረ።

ከነሐሴ አጋማሽ ወዲህ የደረሰው ዘይቱን ፍጹም ንጹሕ ነው አልልም፤ ባለፈው እሑድ ከለቀምናቸው 12 ፍሬዎች ሦስቱ ትል ነበረባቸው፤ በነጠላ ጨርቅ ከሸፈንኳቸው ግን አንድም አልተገኘም። ግንቡን አልፎ ያለውን የጎረቤቴን ዛፍ በተመለከተ ከሸዋ በር የጻፉልኝ እውነት ስለሆነ፣ አንድ ሰሃን ዘይቱን ይዤ ለቡና ሄድኩና ነገሩን አጫወትኳቸው፤ እትዬ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ጎንበስ ብለው መልቀም እንደማይችሉ ነገሩኝ፤ አሁን ልጄ የሁለቱንም ግቢ ይለቅማል። ደመወዙ ይጨመርልኝ ብሏል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ ጣሪያው ላይ የበሰለውን የፌስታሉን ይዘት ነው። መልሼ ኮምፖስት ባደርገው ችግር አለው?

የዕፅዋት ጥበቃ ጡረተኛ (መስከረም 12)

ከመጣልዎ በፊት ጥቂቱን ከፍተው ይመልከቱ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ከሌለና ፍሬው ወደ ጥቁር ጭማቂ ከተለወጠ ይጨምሩት። ጉድጓዱን ግን ከዛፎቹ ራቅ አድርገው በአዲስ ቦታ ይቆፍሩ።