ለቺፕ ዲዛይን ፓይተን ይበቃኛል ወይስ ቲክል ልማር?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ የኤሌክትሪካል 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቬሪሎግ (ሰርኪዩት መግለጫ ቋንቋ) የጻፍኳትን ትንሽ ካውንተር (ቆጣሪ ሰርኪዩት) ኦፕንሮድ በሚባለው የቺፕ ዲዛይን ሶፍትዌር እስከ ሌይአውት (የቺፑ የመጨረሻ ንድፍ) ላደርሳት እየሞከርኩ ነው። ግን የማገኘው ፋይል ሁሉ ቲክል በሚባለው የስክሪፕት ቋንቋ የተጻፈ ነው። ፓይተን በደንብ እችላለሁ። ይሄን ደግሞ የግድ መማር አለብኝ? መመረቂያ ፕሮጀክቴ ስለሆነ ጊዜ የለኝም።

ጦሳ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ቲክልን ብትማሪው ይሻልሻል። ኦፕንሮድ ፓይተንም ይቀበላል፣ ግን የተዘጋጁት ስክሪፕቶች (የትእዛዝ ፋይሎች) በቲክል ናቸው። ደግሞ ቋንቋው የተወለደው እዚሁ ሙያ ውስጥ ነው። ጆን አውስተርሃውት በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ በርክሌይ ሲያስተምር፣ ለሠሯቸው የቺፕ ዲዛይን ሶፍትዌሮች በየጊዜው አዲስ የትእዛዝ ቋንቋ መፍጠር ስለሰለቸው የሠራው ነው። ኤስዲሲ የሚባለው የታይሚንግ (የቺፑን የጊዜ ገደቦች የሚይዝ) ፋይልም በቲክል አጻጻፍ ነው የሚጻፈው። ክሎክሽ 100 ሜጋኸርዝ ከሆነ ፔሬዱን (የአንዱን ዙር ጊዜ) 10 ናኖሰከንድ ብለሽ የምትሰጪው እዚያ ላይ ነው።

እኔ ደሴ ሆኜ ስለማመድ መብራት ስንቴ ጠፍቶብኛል! በማውስ የሠራሁት ሁሉ ይጠፋ ነበር። ከየደረጃው በኋላ ውጤቱን ሴቭ የሚያደርግ ስክሪፕት ከጻፍኩ ወዲህ ግን ካቆመበት እቀጥላለሁ።

ሰኞ ገበያ፦
በጦሳ እስማማለሁ። አናሎግ ከገባሽ ግን የኬደንስ ኩባንያ ሶፍትዌር ቨርቹዎሶ፣ ስኪል የሚባል የሊስፕ ዘመድ የሆነ ቋንቋ አለው። ሌይአውት ማያና ማስተካከያው ኬሌይአውት ላይ ደግሞ ፓይተንሽ ይሠራል፣ ሩቢም እንደዚያው።

የቦርከና ልጅ፦
አመሰግናለሁ፣ ጀመርኩት። ግን ኤክስ የሚባል ቫሪያብል ላይ 5+3 ብዬ ሳስቀምጥ 8 አይሰጠኝም፣ 5+3 ራሱን ያትመዋል። ሌላ ደግሞ፣ አንዱ ፕሮሲጀሬ ቅንፍ ጎደለ ይለኛል። አሥር ጊዜ ቆጠርኩት፣ ምንም አልጎደለም!

ጦሳ፦
ቲክል ሁሉንም ነገር እንደ ጽሑፍ ነው የሚያየው። እንዲያሰላልሽ ኤክስፕር በሚለው ትእዛዝ ንገሪው፣ ሒሳቡንም በጠማማው ቅንፍ ክበቢው። ለሁለተኛው፣ ኮሜንቶችሽን (ኮዱ ውስጥ ያሉ የማይሠሩ የማስታወሻ መስመሮችን) እያቸው። ፕሮሲጀር ውስጥ ካሉ ኮሜንት ላይ ያለውንም ቅንፍ ይቆጥራል። እኔን አንድ ሙሉ ሌሊት ያስቀመጠኝ ይሄ ነው።

የቦርከና ልጅ፦
ኮሜንቱ ላይ ነበር! የድሮ ኢፍ ኮሜንት አድርጌ መዝጊያውን ብቻ አጥፍቼዋለሁ። አሁን ፕሌስመንት (ክፍሎቹን ቦታ ማስያዝ) ጨርሶ ራውቲንግ (በሽቦ ማገናኘት) ላይ ነው። አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ።