የቴክሳስ ግዛት ለካንሰር ምርምር የሚሰጠውን ገንዘብ ከጎንደር ሆነን ማመልከት እንችላለን?

ጠያቂ (ጎንደር)

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ የምሠራ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ። ከአንዲት አዋላጅ ነርስና ከአንድ የኮምፒውተር መምህር ጋር ሆነን ለማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ የሚያግዝ ሐሳብ ይዘናል። አሁን በጤና ጣቢያዎች የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ነው፤ የማህፀኑ በር አሴቲክ አሲድ ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ ከዚያ ነጭ ምልክት መውጣት አለመውጣቱ በዓይን ይታያል። ምልክቱ ሲያጠራጥር ግን ባለሙያዋ ብቻዋን ናት። ወደ እኛ ብትልካት ደግሞ ከዳባት ወይም ከጭልጋ የምትመጣው ሴት መንገዱና ወጪው ከብዷት የምትቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። እኛ ያሰብነው ምልክቱ በስልክ ተነሥቶ ኮምፒውተር እንዲመዝነውና ውጤቱ እዚያው እንዲነገራት ነው።

ሂዩስተን የሚኖር የአጎቴ ልጅ የግዛቱ መንግሥት ለካንሰር ምርምር 6 ቢሊዮን ዶላር መድቧል የሚል ማስታወቂያ ልኮልኛል። እኛ ማመልከት እንችላለን? ካልቻልን ሌላ በር አለ? ደግሞ አንድ ሰው «ማመልከቻውን እኔ አስገባላችኋለሁ፣ የመመዝገቢያ ክፍያ ግን ይቀድማል» ብሎናል። ምን ትላላችሁ?

የማራኪው

ዶክተር፣ አመልክቱ። ጠይቆ የተከለከለ እንጂ ሳይጠይቅ የተሰጠው የለም።

ነዋሪነቱ ሂዩስተን

ወንድሜ የማራኪው፣ ልብህ መልካም ነው፤ ግን ሰዎቹን ለከንቱ ድካም አትዳርግ። እኔ በአንድ ምርምር ተቋም የገንዘብ ክፍል ውስጥ ስለምሠራ ነገሩን በቅርብ አውቀዋለሁ።

ገንዘቡ እውነት ነው። የቴክሳስ የካንሰር መከላከልና ምርምር ተቋም ይባላል፤ እዚህ በምህጻረ ቃሉ «ሲፕሪት» ይሉታል። የግዛቱ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2007 በድምፁ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ በቦንድ 3 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ በ2019 ሌላ 3 ቢሊዮን ጨመረ። በዓመት እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል። ከሀገሪቱ ፌዴራል መንግሥት ተቋማት ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ ይህ የአንድ ግዛት ነዋሪ የተበደረው ብድር ነው። ስለዚህ ተበዳሪው ገንዘቡ በገዛ ሜዳው ላይ እንዲውል አጥብቆ ይፈልጋል።

ውሉ እንዲህ ነው። ማመልከቻ የሚያስገባው ቴክሳስ ውስጥ ያለ ተቋም ነው። ዋናው ተመራማሪ ምርምሩ በሚካሄድበት ዘመን ሁሉ የቴክሳስ ነዋሪ መሆን አለበት። ከግዛቱ ውጭ ያለ ተባባሪ በሥራው መሳተፍ ይፈቀድለታል፤ ከዚህ ገንዘብ ግን ሊከፈለው አይችልም። አንድም ዶላር ወደ ጎንደር አይመጣም ማለት ነው። ይህን ደግሞ የአመልካቾች መመሪያው በግልጽ ጽፎታል፤ የአጎትዎ ልጅ አላነበቡትም መሰለኝ።

አዘዞ

ኩባንያ ሂዩስተን ላይ ብናስመዘግብስ?

ነዋሪነቱ ሂዩስተን

ወረቀት ብቻ አይበቃም። ዋና መሥሪያ ቤቱና ሠራተኛው እዚህ መሆን አለበት፤ ኩባንያው ከሌላ ቦታ ከሆነም ተነቅሎ ይመጣል። ከዚያም ሲፕሪት ለሚሰጠው ለየ2 ዶላሩ ኩባንያው 1 ዶላር ከራሱ ኪስ ማሳየት አለበት። ከተሳካ ደግሞ ግዛቱ ከትርፉ ድርሻ ይጠይቃል። ቤልዙቲፋን የሚባለው የኩላሊት ዕጢ መድኃኒት ሥሩ ዳላስ ካለ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ነው፤ ያሳደገውም ኩባንያ ከዚሁ ተቋም ድጋፍ አግኝቶ ነበር። ኩባንያው በ2019 ለሌላ ትልቅ መድኃኒት አምራች ተሸጠ፤ መድኃኒቱ በ2021 ጸደቀ። የሚያስደንቀው ያው ድጋፍ መጀመሪያ የተሰጠው ተገቢው የሳይንስ ግምገማ ሳይደረግበት ነበር። ሌላም 20 ሚሊዮን ዶላር ያለ ሳይንሳዊ ምዘና መሰጠቱ በ2012 ተቋሙን አናግቶት ዋና የሳይንስ ኃላፊው፣ የኖቤል ተሸላሚው አልፍሬድ ጊልማን፣ ሥራቸውን ለቀቁ። ድጋፍ መስጠት ለወራት ታግዶ በ2013 ሕጉ ተሻሻለ። አሁን ግምገማውን የሚያካሂዱት ከቴክሳስ ውጭ የሚኖሩ ባለሙያዎች ናቸው። ለዚህ ነው ዘመድ ስላለ፣ ሰው ስለሚያውቅ የሚያልፍ ማመልከቻ የሌለው።

አራዳ

ክፍያ የጠየቃችሁን ሰው ዛሬውኑ ተዉት። የድጋፍ ገንዘብ የሚሰጥ መንግሥት ከአመልካቹ ገንዘብ አይለምንም። የማመልከቻው በር ለተመዘገበ ተቋም ብቻ ክፍት ስለሆነ፣ ሰውየው እንኳን በጎንደር በግዛቱ ዋና ከተማ በኦስቲንም ቢሆን የእናንተን ስም ሊያስገባ የሚችልበት መንገድ የለም። ደረሰኝ ቢሰጣችሁም አትደሰቱ። የፓስፖርት ቅጂና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ልካችሁለት ከሆነ ባንካችሁ ሄዳችሁ ንገሩ።

ሲስተር ከጎንደር

ዶክተር፣ ስለ ገንዘቡ ሌሎች ነግረውዎታል፤ እኔ ስለ ሐሳቡ ልናገር። ለብዙ ዓመት ቅድመ ምርመራ ሠርቻለሁ። «አዲስ ነው» ብለው ከመጻፍዎ በፊት ሌላው ምን እንደሠራ ይዩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ2019 ተመሳሳይ ነገር አሳትመዋል፤ ኮምፒውተሩን ያሠለጠኑት ኮስታ ሪካ ውስጥ ጓናካስቴ በምትባል ቦታ በተሰበሰቡ ምስሎች ነበር። ምስሎቹ የተነሡት ግን ለዚያ ሥራ በተሠራ ልዩ ካሜራ እንጂ በጤና ጣቢያ ስልክ አልነበረም። የእርስዎ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መብራት ሲጠፋ በእጅ ባትሪ የተነሣ ፎቶ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ የሸፈነው፣ በኢንፌክሽን የቀላ የማህፀን በር፤ ኮምፒውተሩ ይህን መለየት ካልቻለ አበባ የመሰለ ሪፖርት ይዞ ይቀራል።

ሌላም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ቀዳሚ እንዲሆን የመከረው የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ፣ የኤች.ፒ.ቪን፣ ዘረ መል የሚያሳይ ምርመራ ነው። ገምጋሚ ሁሉ «ለምን ያንን አልመረጣችሁም?» ብሎ ይጠይቃችኋል። መልሳችሁ ኤች.ፒ.ቪ የተገኘባቸውን ሴቶች ለመለየት የእኛ ምስል ሁለተኛ ደረጃ ይሁን ቢሆን፣ ሐሳቡ ከመመሪያው ጋር አይጣላም። በዚያ ላይ ምልክቱ የታየባት ሴት እዚያው በሙቀት ማቃጠያ መሣሪያ ካልታከመች ምርመራው ምን ይጠቅማታል? ሕክምናውን ከፕሮፖዛሉ አያውጡት።

ጠያቂ (ጎንደር)

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻውን ነገር በእውነት አልጻፍነውም ነበር። ነዋሪነቱ ሂዩስተን፣ ዶላሩ ጎንደር ካልመጣ ቴክሳስ ካለ ላቦራቶሪ ጋር መተባበራችን ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ነዋሪነቱ ሂዩስተን

ይጠቅማል፣ ውሉን አስቀድማችሁ ካሰራችሁ። የእነሱ ገንዘብ የእነሱን የኮምፒውተር ባለሙያ ደመወዝ፣ ስሌቱንና ላቦራቶሪውን ይሸፍናል። የመስኩ ወጪ፣ የነርሶች አበልና መጓጓዣ፣ ከሌላ ምንጭ ይምጣ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቋቸው የገንዘብ ጥያቄ አይሁን፦ ሥልጠና የሚወስድ የእኛ ሰው አለ ወይ? ምስሉ የማን ንብረት ይሆናል? በጽሑፉ ላይ የማን ስም ቀድሞ ይወጣል? ሥርዓቱ ሲሠራ ለጎንደር ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ይሰጣል ወይ? እነዚህ አራቱ ሳይጻፉ አንድም ምስል አትላኩ። ይህን በመጨረሻ እናየዋለን የሚል ተባባሪ በመጨረሻም አያየውም።

የምርምር ቢሮ ሰው

እኔ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ብዙ ፕሮፖዛል አይቻለሁና ስለ ወረቀቱ ልበል። የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይቀድማል፤ የውጭ ተባባሪ ካለ ጉዳዩ ወደ ብሔራዊው ኮሚቴ ይሄዳል። ናሙና ከአገር የሚወጣ ከሆነ የናሙና ዝውውር ስምምነት ይጠየቃል። ምስል ብቻ ቢሆንም እንዳትዘናጉ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ለይቶ ይጠብቃል፣ ወደ ውጭ አገር ስለሚላክ መረጃም ድንጋጌ አለው። ሴቲቱ የምትፈርምበት ቅጽ ምስሏ ቴክሳስ እንደሚሄድ በግልጽ ይንገራት፤ «ለምርምር ይውላል» ብሎ ማለፍ አይበቃም።

ለመስኩ ወጪ የሚሆኑ በሮች፦ የመጀመሪያ ደረጃ ተመራማሪዎችን የሚደግፈው የአፍሪካ የካንሰር ምርምርና ሥልጠና ድርጅት፤ ጄኔቫ ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር መቆጣጠሪያ ኅብረት፣ ለአጭር ጊዜ የልምድ ልውውጥ፤ ሊዮን ያለው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ፣ ለድኅረ ዶክትሬት ሰዎች። የራሳችን ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው የምርምር ጥሪም አለ፤ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም የሙከራ ውጤት ለማግኘት ይበቃል፤ ያለ ሙከራ ውጤት ደግሞ ሌሎቹ ዘንድ ብዙ መንገድ አትሄዱም። የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚሰበስበው መረጃ አለው፤ ያን ተጠቅማችሁ የትኛው ቀበሌ ውስጥ ስንት ሴት ለምርመራ እንደደረሰች ብታሳዩ የማንም ጥሪ ላይ ክብደት ይሰጣችኋል። በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም (ኤን.አይ.ኤች) በኩል እንሂድ ካላችሁ ደግሞ በ2025 ለውጭ አገር ተባባሪዎች የሚሰጠውን ንዑስ ድጋፍ አሠራር እንደለወጠ እወቁ፤ የድሮውን ናሙና ፕሮፖዛል አትገልብጡ።

አራዳ

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው የቱ ነው?

የምርምር ቢሮ ሰው

ሁለት ገጽ ማጠቃለያ። አንዱን ለዩኒቨርሲቲው ጥሪ፣ ያንኑ ደግሞ ሂዩስተን ላለ አንድ የማህፀን በር ካንሰር ተመራማሪ። የስምምነቱ ረቂቅ ሲመጣ ሳትፈርሙ ወደ ቢሯችን አምጡት፤ ተመራማሪ ብቻውን የሚፈርመው ውል ዩኒቨርሲቲውን አያስርም።

ጠያቂ (ጎንደር)

ሰውየው ክፍያውን አሁንም እየጠየቀ ነው፤ ስልኩን ዘግቼበታለሁ። የሁለቱን ገጽ ረቂቅ እዚሁ አወጣዋለሁ፤ ሲስተር፣ የሕክምናውን ክፍል እርስዎ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

ሲስተር ከጎንደር

አምጡት። ግን ጽሑፉ ውስጥ «ሴቶቻችን ግንዛቤ የላቸውም» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለ ቀድመው ያውጡት፤ ሴቶቹ መንገዱንና ወጪውን በደንብ ያውቁታል።