የጋራ ሀሳባችን፦ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓትና ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚመጣ ጥሪ (የዕቅድ ውይይት)

የማኅበሩ ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ስብሰባ በተወሰነው መሠረት ለሥራ አመራሩ የምናቀርበውን ረቂቅ ጀምሬዋለሁ። ለጊዜው ሁለት ነጥብ ነው ያለው፦ ከመደበኛ ሰዓት በላይ የተሠራ ሥራ ሁሉ ይከፈል፤ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ለሚደርሰው ስልክም ሆነ መልእክት ያለመመለስ መብት ይኑረው። የሚጨመርም የሚቀነስም ካለ እስከ ዓርብ ጻፉልኝ።

አባል፣ ከሂሳብ ክፍል
"የተሠራ ሁሉ ይከፈል" ጥሩ ነው፤ ግን የት ተመዝግቦ? የወር መዝጊያ ሲደርስ እኛ ጋ የሚሆነውን ልንገራችሁ። መውጫ ሰዓት ላይ ተነስተን እንፈርማለን፤ ፈርመን ወደ ወንበራችን እንመለሳለን። እደሩ ብሎ ያዘዘን የለም። አለቃችን በሩ ላይ ቆም ብለው "ዛሬ እንጨርሰው አይደል?" ይላሉ፤ እኛም እሺ እንላለን። ባለፈው ወር መብራት አጥፍተን ስንወጣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ሆኖ ነበር። መዝገቡ ላይ ግን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቻለሁ፤ ፊርማውም የራሴ ነው። ይህን ይዤ ክፍያ ብጠይቅ ወረቀቱ የሚመሰክረው በእኔው ላይ ነው። ስለዚህ ከክፍያው በፊት ምዝገባው ይቅደም። ያልተመዘገበ ሰዓት ላይ ስንትም እጥፍ ቢከፈል ዜሮ ነው።

አባል፣ ከሰነድና መዛግብት
የሂሳብ ክፍሏ እህታችን ያለችው ትክክል ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1919 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ስምምነት ለኢንዱስትሪ ሠራተኞች በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ጣሪያ አድርጎ ትርፍ ሰዓት ቢያንስ በአንድ ከሩብ እጥፍ እንዲከፈል ይላል። በ1930 ደግሞ ለንግድና ለቢሮ ሠራተኞች ተመሳሳይ ስምምነት ወጥቷል። ሁለቱም አሠሪው ትርፍ ሰዓትን እንዲመዘግብ ያዛሉ። ስለዚህ መዝገብ መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም፤ መቶ ዓመት ያለፈው ጥያቄ ነው። መግቢያው ላይ ይህን እናስቀምጥ።

አባል፣ ከደንበኞች አገልግሎት
እኔ የምከራከረው ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው። "ያለመመለስ መብት" ለእኔ ይሠራ ይሆናል፣ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች አዲስ ልጅስ? ማታ በቡድኑ ቴሌግራም "ለጠዋት ቢደርስልኝ" የሚል መልእክት ይገባል፤ ሁለት ሰው ወዲያው "እሺ" ብሎ ይጽፋል፤ ሦስተኛዋ ዝም ብትል ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። መብቱን የምትጠቀምበት በቅጥሯ ተወራርዳ ነው። እኔ ራሴ ባለፈው ሳምንት ለልጄ እያነበብኩላት አንድ መልስ ልጻፍ ብዬ ስልኬን አነሳሁ። ጽፌ ቀና ስል መጽሐፉን ደረቷ ላይ እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷታል። መልእክቱ እስከ ጠዋት ቢቆይ የሚጎዳ ነገር አልነበረም።

አባል፣ ከሰነድና መዛግብት
ለሠራተኛው መብት በመስጠትና አሠሪውን በመከልከል መካከል ያለው ልዩነት በሌሎች አገሮች ሕግም ይታያል። አውስትራሊያ በ2024 ያጸናችው ለሠራተኛው ያለመመለስን መብት ነው፣ እምቢታው ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ። ፖርቱጋል ግን በ2021 ግዴታውን አሠሪው ላይ ጣለች፤ ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ካልገጠመ በቀር በእረፍት ሰዓት ሠራተኛውን አያግኝ አለች። እኔ የፖርቱጋሉን እደግፋለሁ። ሸክሙ መልእክቱን በሚልከው ላይ ይሁን።

አባል፣ የቡድን መሪ
እኔም የማኅበሩ አባል ነኝ፤ ግን ሲስተም ሌሊት ቢቆም ማንን ልጥራ? "አስቸኳይ" የሚለውን ካልተረጎምነው ወይ እኔ ታስሬ እቀራለሁ፣ ወይ ሁሉ ነገር አስቸኳይ ይባላል። ባለፈው ዓመት አስቸኳይ ተብሎ የተላከልኝን ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት፤ አብዛኛው ጠዋት ሊሠራ የሚችል ነበር። አስቸኳይ ማለት እስከ ነገ ቢቆይ ሰው ላይ፣ ንብረት ላይ ወይም አገልግሎት ላይ ጉዳት የሚያደርስ ተብሎ ይጻፍ። ተረኛ በስም ዝርዝር ይመደብ፣ ለተረኝነቱም ይከፈለው። ያን ጊዜ እኔም የማላስፈልገውን ሰው አልቀሰቅስም።

አባል፣ ከመጋዘን
አንድ ነገር አደራ። ትርፍ ሰዓት የሚፈልጉ አሉ፣ እኔን ጨምሮ። ቤቴ በደመወዝ ብቻ አይቆምም። ረቂቁ ክልከላ እንዳይመስል።

አባል፣ ከሰነድና መዛግብት
ክልከላ አይሁን፤ ጣሪያ ግን ይኑረው። የዓለም ጤና ድርጅትና የሥራ ድርጅቱ በ2021 በጋራ ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ወንድሜ፣ ቤትህ በአንተ ጤና ነው የሚቆመው።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ሁሉንም አንብቤ ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦

"ትርፍ ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ይታዘዛል፤ በሠራተኛው ፈቃድ፣ ከተወሰነ ጣሪያ ሳያልፍ ይሠራል፤ ትክክለኛው የመውጫ ሰዓት ይመዘገባል፤ በወሩ ደመወዝ ይከፈላል ወይም ሠራተኛው ከመረጠ በማካካሻ እረፍት ይተካል። አለቃ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሠራተኛን አያገኝም፤ አስቸኳይ ነገር ሲገጥም የሚያገኘው የተመደበውን ተረኛ ነው። አለመመለስ በሥራ ምዘና አይቆጠርም።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመርኩት ለአዲሷ ልጅ ብዬ ነው። ጣሪያው ስንት ሰዓት ይሁን የሚለው አልተቋጨም፤ የመጋዘንና የሂሳብ ክፍል አባላት ቁጥር ይዛችሁ ኑ። እስካሁን ያልተከፈለውን መጠየቅ ደግሞ ከዚህ ጋር ካያያዝነው ሁለቱም ይጓተታሉ ብዬ እሰጋለሁ፤ ለብቻው እናቅርበው።

አባል፣ ከሂሳብ ክፍል
ተስማምቻለሁ። ክፍላችን ውስጥ 6 ሰዎች ከሰኞ ጀምሮ ለ4 ሳምንት ትክክለኛ መውጫችንን በራሳችን ደብተር ልንይዝ ተነጋግረናል። ፊርማውንም የምንፈርመው ስንወጣ ብቻ ነው። ሌላ ክፍል የሚቀላቀለን ካለ ሠንጠረዡን እልክላችኋለሁ።

አባል፣ ከመጋዘን
ላኪልኝ፣ እኛ 4 ነን።