ሴቴአሪል አልኮል ገብቶበትም ክሬሙ ውሃ ይተፋል፤ ምን ይሻላል?

ማራኪ_07፦
እንዴት ዋላችሁ። ጎንደር ነኝ፤ ለቤት የሚሆን የቆዳ ክሬም ነው የምሠራው። ለ200 ግራም፦ ውሃ 152፣ የኮኮናት ዘይት 26፣ ሴቴአሪል አልኮል 16፣ ግሊሰሪን 6። ሲሠራ ያምራል፤ ሲያድር ግን ከሥር ውሃ ያቁራል፣ ላዩም ይሻክራል። አልኮሉን ልጨምር? ደግሞስ ቆዳ አያደርቅም?

ሚዛን_አይዋሽም፦
እንዳትጨምሪ! እሱ ያወፍራል፣ የተዋሃደው እንዳይለያይም ያግዛል እንጂ ብቻውን ዘይትና ውሃን አያዋህድም። የጎደለሽ ኢሙልሲፋየር ነው። ለዚያው 200 ግራም፦ የተጣራ ውሃ 154፣ ግሊሰሪን 6፣ ዘይት 20፣ ፖሊሶርቤት 60 ያለበት ኢሙልሲፋይንግ ዋክስ 10፣ ሴቴአሪል 8፣ ፌኖክሲኢታኖል ከኢቲልሄክሲልግሊሰሪን ጋር የተቀላቀለው 2። የመጨረሻው የባክቴሪያ መከላከያ ነው፤ አይቀርም፤ ውሃ ያለበት ክሬም ሳይሸት ሳይሻግትም ባክቴሪያ ያፈራል።

ስሙ ደግሞ አያስደንግጥሽ። እንደ አረቄ የሚተን አልኮል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከፓልም ወይም ከኮኮናት ዘይት የሚሠራ ሰም መሰል ነጭ ቅርፊት ነው። ቆዳ ያለሰልሳል።

አዘዞ_ላብ፦
ቀመሩ ጥሩ ነው፤ ግን 8 ግራም ይበዛል። ዋክሱ ራሱ በአብዛኛው ሴቴአሪል ስለሆነ ተደራርቦ ሲቀቡት ነጭ አረፋ ይሠራል። 4 ግራም በቂ ነው፤ የቀነሰውን በውሃ ሙዪው።

ሙቀቱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዘይቱ ቀልጦ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ አልኮሉ 50 ዲግሪ አካባቢ ስለሚረጋ ውሃ እንደነካው ይጓጉላል። ሁለቱንም በየዕቃቸው የፈላ ውሃ ላይ አስቀምጠሽ 70–75 ዲግሪ አድርሺ፣ በቴርሞሜትር። ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ መንተክተኩን አይቶ መገመት አያዋጣም። ከማዋሃድሽ በፊት የውሃውን ዕቃ መዝኚ፣ የተነነውን በሙቅ ውሃ ተኪ። የእጅ ብሌንደሩን ጫፉ ሳይወጣ 2 ደቂቃ፣ ከዚያ እስኪበርድ በማንኪያ ቀስ እያልሽ። መከላከያው ከ40 ዲግሪ በታች ሲሆን ይገባል።

የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ በጎንደር ሌሊት ይረጋል፣ መተማ ቢሄድ ይፈሳል። ግማሹን በሰሊጥ ዘይት ብትቀይሪው ክሬሙ እንዲህ አይለዋወጥም።

ማራኪ_07፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዋክሱን ባጣስ፣ የንብ ሰም ይተካዋል?

ሚዛን_አይዋሽም፦
አይተካም፤ እሱም ብቻውን አያዋህድም። ካጣሽ ውሃውን፣ ግሊሰሪኑንና መከላከያውን ተዪና ቅባት ሥሪ፦ የሰሊጥ ዘይት 80 ግራም፣ የንብ ሰም 20። ለጧፍ የሚሸጠውን ሰም ከገዛሽ ቀልጦ ሳለ በጨርቅ አጥልዪው፤ ቆሻሻ አያጣም። ቆርቆሮውም ማንኪያውም ጠብታ ውሃ እንዳይኖርበት።