«የሕፃን መጫወቻ» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለቢት፦ ትናንት አንድ አቀናባሪ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ስለ ኮምፒውተር የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌሮች ሲያወራ «ፍሩቲ ሉፕስ የሕፃን መጫወቻ ነው፤ ሙዚቃ መሥራት የፈለገ ኩቤዝ ይማር» ሲል ሰማችሁት? ስሙ ኤፍኤል ስቱዲዮ ከሆነ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው እኮ! ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢት (የዘፈን ማጀቢያ) የሚሠራውን ልጅ ሁሉ በአንድ ቃል ጠራርጎ አወረደው።

ነባሩ፦ ምን አጠፋ? ድምፃዊ አሥር ጊዜ ደጋግሞ ሲዘፍን ከዚያ ውስጥ ጥሩ ጥሩውን እየለቀምክ የምትገጣጥመው ኩቤዝ ላይ ነው። ኤፍኤል በ1997 እ.ኤ.አ. የተነሣው ከበሮ ለመደርደር ነው። ለረጅም ጊዜ ርካሹን የመጀመሪያ እርከኑን ብትገዛ ድምፅ መቅዳት አትችልም ነበር፣ ፕሮዲውሰር የሚባለውን ከፍ ያለ እርከን ግዛ ይልህ ነበር። መጫወቻ አይደለም?

ባለቢት፦ ኩቤዝስ በ1989 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አታሪ ኮምፒውተር ላይ ሚዲ ብቻ (የተቀዳ ድምፅ ሳይሆን የኖታ ትእዛዝ) የሚሠራ አልነበር? ያደገ ሰው በልጅነቱ ይሰደባል እንዴ?

ሐረር ልጅ፦ 😂😂 በላው

ነባሩ፦ እሺ፣ ችክችካ ሥራበትና አሰማኝ። ሁሉንም አራት በአራት አድርጋችሁ ከበሮውን ፍርግርጉ ላይ ትቸክሉታላችሁ። እስክስታ የሚወረድበት ሳይሆን ሰልፍ የሚወጣበት ይመስላል።

ባለቢት፦ ስድስት በስምንት ማድረግ ሁለት ክሊክ ነው፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ሥሪት ወዲህ ዘፈኑ መሃል ላይም ይቀየራል። ኳንታይዝ የሚያደርገው (ምቱን ፍርግርጉ ላይ የሚያሰልፈው) እጅህ ነው፣ ሶፍትዌሩ አላስገደደህም። ኪቦርድህ ላይ በእጅህ ምታና እንዳለ ተወው!

ማሲንቆ ወዳጅ፦ ሁለታችሁም ዋናውን ዘላችሁት። የአንቺሆዬን ቅኝት ስትሠሩ ኪቦርዱ የሚሰጣችሁ ድምፅና ማሲንቆ ተጫዋቹ የሚይዘው ቦታ አይገናኝም። ኤፍኤል ላይ እያንዳንዷን ኖታ ለብቻዋ ትንሽ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ የራሱ መሣሪያዎች ላይ። ስንቶቻችሁ ነክታችሁታል? ትዝታ ላይ አምስቷን ኖታ ደርድሮ «ቅኝት ሠራሁ» ነው ነገሩ።

ነባሩ፦ አየህ፣ መጫወቻ ያልነው ለዚህ ነው።

ማሲንቆ ወዳጅ፦ ወንድሜ፣ አሁን የተናገርኩት ኤፍኤልን ደግፌ ነው 🙄

ሰላም ከፍራንክፈርት፦ ኤፍኤልን አንዴ ከገዛችሁት ዕድሜ ልክ ማሻሻያው ነፃ ነው፣ ለምን አትገዙትም? እዚህ ክራክ (ሳይከፈልበት የተሰበረ ቅጂ) የሚጠቀም ሰው ያፍራል።

ባለቢት፦ እትዬ ሰላም፣ በየትኛው ካርድ? የዶላር ካርድ ላኪልንና አብረን እንፈር።

ሐረር ልጅ፦ የኤፍኤልን ነፃ የሙከራ ሥሪት አትንኩት ብቻ። ሴቭ ያደርጋል፣ መልሶ አይከፍትም። ላፕቶፑን ሳትዘጋ ልትጨርስ ነው፣ መብራት ከሄደ ሥራህ ተቀበረ።

ጸጥተኛው፦ ሪፐር የሚባለውን ሶፍትዌር የሚያነሣ ሰው ጠፋ? 60 ዶላር ነው፣ 60 ቀን በነፃ ሞክሩ ይላል፣ ከዚያም በኋላ አይዘጋባችሁም። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሮጣል። ለቀረጻ ኩቤዝን የሚያስናፍቅ ነገር የለውም። ከበሮና ድምፅ ግን ብዙም ይዞ አይመጣም፣ ከውጭ ፈልጋችሁ ማስገባት አለባችሁ።

ነባሩ፦ ሪፐር ደግሞ የትኛው አልበም ተሠርቶበት ነው?

ጸጥተኛው፦ አልበም ስትሰማ የተሠራበትን ሶፍትዌር በጆሮህ ትለያለህ?

ነባሩ፦ እለያለሁ።

ባለቢት፦ እስቲ ቆይማ፣ ሦስት ቢት በውስጥ መስመር እሰድልሃለሁ፣ የቱ በምን እንደተሠራ ንገረኝ።

ነባሩ፦ ሥራ ላይ ነኝ።

ሐረር ልጅ፦ ኩቤዝ እየተጫነ ነው መሰለኝ 😂

ሰላም ከፍራንክፈርት፦ «እትዬ» ያልከኝን ግን አልረሳሁትም፣ 26 ዓመቴ ነው።