ያገለገለ ሌቨር አክሽን የአደን ጠመንጃ ተገቢ ዋጋው እንዴት ይታወቃል?

ጀማሪው፦

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ኅዳር ለሚከፈተው የአጋዘን አደን ሌቨር አክሽን የሚባለውን፣ ከምላጩ ሥር ያለው እጀታ ወደ ታች ተገፍቶ ሲመለስ ጥይት የሚጎርሰውን ጠመንጃ ለመግዛት አስቤአለሁ። አዲሱ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ያገለገለ ስፈልግ ሰንብቼ እዚሁ አሜሪካ፣ በምኖርበት ክፍለ ግዛት ውስጥ ሁለት አግኝቻለሁ፤ ሁለቱም የ30-30 ጥይት ይጎርሳሉ። አንደኛው ማርሊን 336 ሲሆን ባለቤቱ «በ1950ዎቹ የተሠራ የአያቴ ቅርስ ነው» በማለት 950 ዶላር ጠይቆበታል፤ የመለያ ቁጥሩ በ22 ይጀምራል። ሁለተኛው ዊንቸስተር 94 ነው። ሻጩ «ከ1964 በፊት የተሠራ ስለሆነ ከ1,300 ዶላር አልወርድም» ይላል፤ ቁጥሩ ከ2,400,000 ጥቂት ያለፈ ሲሆን ብረቱ እንደ አዲስ ያበራል፣ በግራ ጎኑ መካከል ላይ ግን በብሎን የተደፈኑ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። ዓላማዬ ማደን እንጂ ማስቀመጥ አይደለም። የተጠየቀው ዋጋ ተገቢ መሆን አለመሆኑን በምን ልመዝን?

ካቻቢቴ፦

አስቀድመን የማርሊኑን ዕድሜ እናስተካክል። ማርሊን ከ1973 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት፣ የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች ከ100 ሲቀነሱ ጠመንጃው የተሠራበትን ዓመት እንዲያሳዩ አድርጎ ይጽፍ ነበር፤ ስለዚህ በ22 የሚጀምረው የ1978 ሥራ ነው። አያትየው ገዝተውት ይሆናል፣ በ1950ዎቹ ግን አልገዙትም። ይህ በጠመንጃው ላይ ነውር አይሆንም። 336 በ1948 ከወጣ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራ የኖረ ነው፤ ከዚህም ሌላ የ1978ቱ ሥራ በ1980ዎቹ የተጨመረው የጎን መቆለፊያ አዝራር ስለሌለበት ብዙ ገዢ ይመርጠዋል። በርሜሉ ከመካከለኛው አካል ጋር በሚገናኝበት አጠገብ የምትገኘውን ትንሽ የ«ጄ ኤም» ማኅተም ይፈልጉ። ኩባንያው ወደ ሌላው ጠመንጃ ሠሪ ወደ ረሚንግተን እጅ ገብቶ በ2011 የኮኔቲከቱ ፋብሪካ ከተዘጋ በኋላ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ጠመንጃዎች ጥራታቸው በእጅጉ ስለተተቸ፣ የድሮውን ፋብሪካ ሥራ የምታሳየው ያቺ ማኅተም ዛሬ በዋጋ ላይ ትቆጠራለች።

የዊንቸስተሩ ሻጭ ስለ ዘመኑ አልዋሸም፤ በ1964 የተጀመረው ቁጥር ከ2,700,000 ይነሣል። በዚያ ዓመት ኩባንያው ወጪ ለመቀነስ ሲል ከድፍን ብረት ተፈልፍለው ይሠሩ የነበሩ አንዳንድ ክፍሎችን ከቆርቆሮ በሚጨፈለቁ በመተካቱ፣ ሰብሳቢዎች ለቀደመው ሥራ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላሉ። ነገር ግን የሚከፍሉት እንዳለ ለቆየ ጠመንጃ ነው። የሰባ ዓመት ግድም ብረት እንደ አዲስ ካበራ፣ በአጉሊ መነጽር ፊደሎቹን ይመልከቱ፦ ጠርዛቸው ሟሙቶ ከሆነ፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያም እንደ ሰሐን ጎድጎድ ካለ፣ ብረቱ በሞተር ተፍቆ እንደገና ተቀልሟል ማለት ነው። ሦስቱ ቀዳዳዎች ደግሞ ምክንያታቸው ግልጽ ነው። የዚያ ዘመን 94 ቀለሁን ወደ ላይ ስለሚተፋ የማነጣጠሪያ መነጽር ከላይ ሊታሰርበት አይመችም፤ በመሆኑም አንድ ሰው በጎኑ በስቶ አስሮበታል። አደን አይከለክልም፣ የሰብሳቢውን ዋጋ ግን ያስቀራል።

ወደ ገበያው ሲሄዱ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ካረጋገጡ በኋላ፣ እጀታውን ወደ ታች አውርደው በጥይት መግቢያው በኩል ነጭ ወረቀት ያስገቡና ከአፈሙዙ በኩል ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ወረቀቱ ብርሃን ስለሚመልስ የውስጡ ጥምዝ ቦዮች ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ ዝገት በልቶታል። በተለይ በዊንቸስተሩ ላይ አፈሙዙን አጥብቀው ይመርምሩ። ማርሊን አንድ ብሎን ሲፈታ እጀታውም መዝጊያውም ወጥተው በርሜሉ ከኋላ ይጸዳል፤ 94 ግን ለመፍታት ስለሚያስቸግር ባለቤቶቹ የማጽጃ ዘንጉን በአፈሙዙ በኩል ይሰዱበታል፣ ከዓመታት በኋላም ዘንጉ የቦዩን ጠርዝ ይሞርደዋል። ቀለህና ባሩድ የሌለው የጥይት እርሳስ ብቻ ይዘው ሄደው በአፈሙዙ ላይ ቢያስቀምጡት፣ ጤነኛ ከሆነ ገና ከጫፉ ሲገባ ይያዛል፤ ከአንገቱ በላይ ከሰመጠ ተበልቷል።

ማርሊኑ የራሱ በሽታ አለው። የእጀታው ጫፍ ጥይት አንሺውን ሳህን ከሥሩ ሲፍቀው ይኖርና ስርጉድ ያበጅበታል፤ ያኔ ሁለተኛው ጥይት ከሳህኑ ሥር ሾልኮ ይገባና ጠመንጃው እጀታው ሳይመለስ ተቆልፎ ይቀራል። ባሩድ የሌላቸው የመለማመጃ ጥይቶች ሞልተው፣ አንዴ በቀስታ አንዴ በፍጥነት ያጉርሱት።

ሒሳብ ሹም፦

ወንድማችን ብረቱን በሚገባ አስረድተዋልና እኔ ወደ ገንዘቡ ልሂድ። ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት የተጠየቀን ዋጋ ከተሸጠበት ዋጋ ጋር ሲቀላቅሉ ነው። 950 ዶላር ተጽፎበት ስድስት ወር የተቀመጠ ጠመንጃ የሚያስረዳዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ዋጋ የሚገዛው እንዳልተገኘ። በኢንተርኔት ጨረታዎች ላይ «የተጠናቀቁ ሽያጮች» የሚለውን ክፍል ከፍተው ዘመኑ፣ ጥይቱና ይዞታው የሚቀራረቡትን ብቻ ይለዩ፤ ከዚያም በጣም ውዱንና በጣም ርካሹን ጥለው በመካከል ያሉትን ይያዙ።

እዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ሒሳብ አለ። መካከለኛው ዋጋ 700 ዶላር ሆኖ አገኙት እንበል። ከሌላ ክፍለ ግዛት የሚገዛ ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃውን የሚረከበው ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ስለሆነ ማጓጓዣና የዝውውር ክፍያ ይጨመርበታል፤ በዚህ ምክንያት ከኪሱ የሚወጣው ምናልባት 770 ይሆናል። ሻጩ በበኩሉ የጨረታው ድርጅት ድርሻ ተቀንሶለት ከ700 በታች ይደርሰዋል። እርስዎና የሰፈርዎ ሻጭ ፊት ለፊት ስትገበያዩ ሁለታችሁንም የማይጎዳው ዋጋ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል የትም ሊያርፍ ይችላል። በዚያ ላይ ጠመንጃውን በእጅዎ ይዘው አይተውታልና ጥቂት ከፍ ብትሉ አይቆጨዎትም።

ጣሪያውን ደግሞ አዲሱ ይወስንልዎታል። ሩገር የተባለው ጠመንጃ ሠሪ የማርሊንን ስም በ2020 ገዝቶ 336ን እንደገና ማምረት ጀምሯል፤ አዲሱ ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል፣ በጥራቱም የሚያማው አልሰማሁም። ለማደኛነት ብቻ የሚፈለግ የ1978 ጠመንጃ ወደዚያ ከተጠጋ ገዢው ለምን አሮጌውን ይመርጣል? የአያት ትዝታ ለባለቤቱ ክቡር ነው፣ ይሁንና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ትዝታው እዚያው ይቀራል።

ባለ ዘጠና ዘጠኝ፦

ሒሳብ ሹም ባሉት ላይ አንድ ነገር ላጥብቅ። የጥይቱ ዓይነት ካልተለየ የጨረታ ንጽጽር ያሳስታል። እኔ ከዓመታት በፊት ሳቬጅ 99 የሚባለውን ሌላ ሌቨር አክሽን የገዛሁት በዋጋው ተደስቼ ነበር፤ የሚጎርሰው 303 ሳቬጅ መሆኑን እያወቅሁ ጥይቱ ግን ምን ያህል እንደሚጠፋ አልገመትሁም። ሁለት ካርቶን ፍለጋ አንድ በጋ ሙሉ ዞርሁ፤ በመጨረሻ የከፈልሁት ሲደመር ያው ጠመንጃ በ300 ሳቬጅ ከተሠራው ወንድሙ ይበልጥ ውድ ሆነብኝ። 30-30 ይህ ችግር የለበትም። 32 ስፔሻል ወይም 35 ረሚንግተን የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ በርካሽ ቢያገኙ ግን ከዋጋው በፊት የጥይቱን መደርደሪያ ይጎብኙ። በነገራችን ላይ 99ን የሚፈልግ ካለ ሰደፉ ከብረቱ ጭራ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ በጥፍሩ ይዳብስ፤ ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይነሣል።

ጊዜውም ዋጋ አለው። አደን ሊከፈት ሳምንታት ሲቀሩት ሁሉም ገዢ ነው፤ በጥር ግን ዋጋ የሚቀንስ ሻጭ ይበዛል።

ጀማሪው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እስከ ጥር መቆየት ስላልቻልሁ ቅዳሜ ሁለቱንም አየሁ። ማርሊኑ ማኅተሟ አለችበት፣ በርሜሉም ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን በመለማመጃ ጥይት ስሞክረው በአራተኛው ላይ ተቆለፈ። ባለቤቱ ራሱ ደንግጦ «እኔ ከአንድ ጥይት በላይ አጉርሼበት አላውቅም» አለኝ። የምርት ዘመኑን አሳይቼው፣ የጥገናውን ግምት ቀንሰን በ690 ዶላር ተስማማን። የዊንቸስተሩ ፊደሎች ሟሙተዋል፣ እርሳሱም በአፈሙዙ እስከ ወገቡ ሰመጠ። ለሻጩ በትሕትና ብነግረው «የሚያውቅ ሰው ይመጣል» ብሎ መለሰልኝ፤ ዋጋው እስከ ዛሬ 1,300 ነው።